የተጣለውን መመዘን፦ ከዕፀዋት የሚገኙ መድኃኒቶች አሠራርና የኬሚስትሪ ትምህርት

በኬሚስትሪ ትምህርት ተማሪው የአንድን አጻግብሮት ውጤት ሲያሰላ የሚጠየቀው ምን ያህል ምርት እንደተገኘ ነው፤ ምን ያህል እንደተጣለ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ሮጀር ሼልደን የተባሉት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ አንድ ኪሎ መድኃኒት በፋብሪካ ሲሠራ ከ25 እስከ 100 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውጋጅ ይከተለዋል። ከዚህም የሚበልጠው እጅ አሟሚ ፈሳሽ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን አርቴሚሲኒን ነው። ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 በቻይና ለይተው ያወጡት ይህ ውሁድ የሚገኝበት አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለው ተክል፣ በአገራችን በብዙ ቦታ ጭቁኝ የምንለው ቅጠል የቅርብ ዘመድ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የፋልሲፓረምን ወባ በቀዳሚነት የምታክመው ከአርቴሚሲኒን በተገኘ መድኃኒት ነው። ችግሩ ቅጠሉ ስስታም መሆኑ ነው። በደረቅ ቅጠል ውስጥ ያለው አርቴሚሲኒን ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ 1 በመቶ እምብዛም አይዘልም፤ እርሱንም ለማውጣት እንደ ሄክሴን ያለ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ በብዛት ያስፈልጋል። በዚያው ቅጠል ውስጥ የሚገኘውና ለአርቴሚሲኒን መነሻ የሆነው አሲድ ደግሞ ከዝቃጩ ጋር ይወገድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን አገር፣ በፖትስዳም፣ ፍራንሷ ሌቬክና ፒተር ዜበርገር ይህን መነሻ አሲድ በብርሃን አማካይነት ወደ አርቴሚሲኒን የሚለውጥ ዘዴ አሳዩ። አሠራሩ ለተማሪ ለማስረዳት የሚያዳግት አይደለም። የቀለም ሞለኪውል ብርሃኑን ይቀበልና ኃይሉን ለኦክስጅን ያስተላልፋል፤ የነቃውም ኦክስጅን ከመነሻው ውሁድ ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚያም ሌላ አሲድ ሲጨመርበት ሞለኪውሉ ተጨማሪ ኦክስጅን ወስዶ፣ ቅርፁንም ለውጦ አርቴሚሲኒን ይሆናል። ብርሃን ወደ ትልቅ ጋን ጠልቆ ስለማይገባ ፈሳሹ በመብራት ዙሪያ በተጠመጠመ ቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ይሁን እንጂ አሟሚው ክሎሪን ያለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ፈንታ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ በሌላው ሙከራቸውም ውሃ የተቀላቀለበትን አሟሚ ተጠቀሙ። በሁለተኛው ዘዴ አርቴሚሲኒኑ ጠጥሮ ከወጣ በኋላ የቀረው ፈሳሽ እንደገና ወደ ሥራ ይመለሳል።

ለዕቅድ አውጪ ግን የአሠራሩ ንጽሕና ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳኖፊ የተባለው ኩባንያ መነሻውን ከእርሾ አግኝቶ በኢጣሊያ በብርሃን ማምረት ቢጀምርም፣ የፋብሪካው ዋጋ በኪሎ ከ350 ዶላር በላይ ሲሆን የቅጠሉ አርቴሚሲኒን ከ250 ዶላር በታች ወረደ። የገበሬው ማሳ ከእርሾው በርሜል ረክሶ ተገኘና ኩባንያው በ2015 ምንም ሳያመርት ቀረ።

ወደ መማሪያ ክፍል ስንመለስ፣ ንግሥት አስፋውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ ከጭቁኝ ዘይት ሲወጣ የሚተንን አሟሚንና ጉልበትን መቀነስ እንደሚቻል የሚያሳይ የማስተማሪያ ሙከራ አቅርበዋል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ሚዛን አይጠፋም። ተማሪዎቹ ከውሃ በቀር የገባውን ሁሉ ይመዝኑ፤ ከዚያ ላይ ምርቱን ቀንሰው ቀሪውን ለምርቱ ክብደት ያካፍሉ። 240 ግራም ገብቶ 10 ግራም ምርት ቢገኝ ቁጥሩ 23 ነው። ከአሟሚው 150 ግራም ተጣርቶ ለሚቀጥለው ሙከራ ቢቀመጥ ግን ቁጥሩ ወደ 8 ይወርዳል።