ጥቁር የተቀቡ ትንንሽ አይሮፕላኖች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለአገሩ ተማሪ ቤቶች ያቀረበው ጥያቄ እንግዳ ነበር፤ ይኸውም ተማሪዎች የ50 ዓይነት አይሮፕላን ምስል ከእንጨት ቀርጸው፥ ከየዓይነቱ 10,000፥ በጠቅላላው 500,000 እንዲያስረክቡ ነው።

ልኩ ከእውነተኛው 72ኛ እጅ ሆነ። በዚህ ልክ የተሠራ ምስል በ10 ሜትር ተኩል ርቀት ሲታይ፥ ዋናው አይሮፕላን በ750 ሜትር ገደማ የሚታየውን ያህል ነው። ምስሉ በሙሉ ጥቁር ይቀባ ነበር፤ ከሩቅ ሰማይ ላይ የሚለየው ቅርጽ እንጂ ቀለም አይደለምና። ክንፉ በተዛባ ምስል የሠለጠነ ተኳሽ ኋላ ወዳጁን ጠላት ነው ብሎ ሊተኩስበት ይችላል። ስለዚህ የተማሪው ሥራ በቅርጽ መለኪያ ይመረመር ነበር።

ዛሬ በሳጥን ተሸጦ በቤት የሚገጣጠመው የፕላስቲክ አይሮፕላን ብዙ ጊዜ ያንኑ 72ኛ እጅ ይከተላል። ወጣቱ ሠሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው በጌጡ ነው፤ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ መስመር ያጠቁራል፥ የጭስ ማውጫውን ጥላሸት ያለብሳል። የክንፉ የኋላ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ከወፈረ በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ግን ልብ አይልም። እንዲህ ያለ ጠርዝ ለበር ይሆን እንደሆነ እንጂ ለክንፍ አይሆንም! ክንፉ ሳይጣበቅ ጠርዙን ከውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ይገባል። ሙጫውም ፕላስቲኩን እያቀለጠ የሚያያይዝ ስለሆነ በጥቂቱ ይደረጋል፤ አንዲት ጠብታ በመስተዋቱ ላይ ከወደቀች አብራሪው ከደመና አይወጣም።