ወደ ቤተ መጻሕፍት ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚላክ ሰው

የአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር የሙያ ጉባኤ የመላክ ዕድል የሚያገኘው ምናልባት በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ ነው። የመንገዱ፣ የማደሪያውና የመመዝገቢያው ወጪ ሲደመር ብዙ መጻሕፍት ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ይሆናል። ገንዘቡ በመጻሕፍት ፈንታ በሰው ላይ እንዲውል ከተወሰነ፣ ሰውየው ከመጻሕፍቱ የማያንስ ጥቅም ይዞ እንዲመለስ አስቀድሞ ማሰናዳት ያስፈልጋል። ይህም የተላኪው ብቻ ሳይሆን የላኪው መሥሪያ ቤትም ግዴታ ነው።

የዓመት ቍጥሮቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንሰጣለን። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ1927 በኤዲንበርግ የተመሠረተ ሲሆን፣ ጉባኤውን በ1984 በናይሮቢ፣ በ2007 በደርባን፣ በ2015 በኬፕ ታውን አድርጓል። ከዚህ ሌላ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪቃ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት በየሁለት ዓመቱ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ አለ። በ2013 የተመሠረተውና መቀመጫው በአክራ የሆነው የመላው አፍሪቃ የቤተ መጻሕፍት ማኅበርም የራሱን ጉባኤ ይጠራል። ጀማሪ ሰው ምርጫ ቢሰጠው ከዓለም አቀፉ ይልቅ የአካባቢውን ቢያስቀድም እንመክራለን። በዚያ የሚያገኛቸው ባልንጀሮች መብራት የሚጠፋበትን፣ የመጻሕፍት መግዣ በጀት የሚያጥርበትን ቤተ መጻሕፍት ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታልና።

ማን ይላክ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በማዕረግ ይፈታል። ይህ ልማድ አይበጅም። አንባቢውን በየቀኑ የሚያስተናግደውና የጠፋውን መጽሐፍ የሚፈልገው ሠራተኛ በጉባኤው የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን ከአለቃው ፈጥኖ ይለያል። አለቃው መሄድ ካለበትም፣ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ከማዋሻው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ቢውል መልካም ነው።

ተላኪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዝ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ከገዛ ቤቱ የወጣ ይሁን። አንድ ምሳሌ እንስጥ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ በኮምፒዩተር የመጻፉ ችግር ከሞላ ጎደል ተወግዷል። ነገር ግን አንባቢ «ሀይሉ» ብሎ ሲፈልግ በመዝገቡ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈው ደራሲ ላይገኝ ይችላል፤ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ። በጉባኤው አዳራሽ አጠገብ የካታሎግ ፕሮግራም ሻጮች ዕቃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። በነጻ የሚገኘውን፣ በኒው ዚላንድ ተሠርቶ በ2000 ሥራ ላይ የዋለውን ኮሃ የተባለውን ፕሮግራም የሚያውቁ ሰዎችም አይታጡም። ተላኪው ለእነዚህ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ያቅርብላቸው፤ በቃል ብቻ ሳይወሰኑም ፊቱ ቃሉን ጽፈው እንዲያሳዩት ይጠይቅ። የሚያብረቀርቀውን መግለጫ ወረቀት ከመሰብሰብ ይህ እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር የስም ጉዳይ ነው። የመመዝገቢያው ቅጽ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ፣ የእኛ ሰው የአባቱ ወይም የአያቱ ስም በደረቱ ካርድ ላይ ተጽፎለት ሦስት ቀን ሙሉ በአያቱ ስም ሲጠራ ይሰነብታል። ነገሩ ቢያስቅም ለሙያው ትልቅ ቁም ነገር አለበት። በ1961 በፓሪስ የተደረገው የካታሎግ መርሆዎች ጉባኤ፣ የደራሲ ስም በየትኛው ቃል እንደሚመዘገብ በተቻለ መጠን ደራሲው ዜጋ በሆነበት አገር ልማድ እንዲወሰን አጽድቋል። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ደራሲ ሊገኙ የሚገባቸው «ሐዲስ» በሚለው ቃል እንጂ «ዓለማየሁ» በሚለው አይደለም። በውጭ አገር ካታሎግ ተገልብጦ የተመዘገበ ስም ያየ ተላኪ ይህን ውሳኔ ጠቅሶ ቢናገር በሚገባ ይደመጣል።

በፕሮግራሙ ላይ በአንድ ሰዓት አምስትና ስድስት ንግግሮች ተደርድረው ሲያይ መደንገጥ የለበትም፤ ሁሉን የሚሰማ የለም። ማታውኑ ሁለት መርጦ ምልክት ያድርግባቸው። የሚነበቡት ጽሑፎች ብዙዎቹ በኋላ ሊገኙ ይችላሉ፤ ጸሐፊዎቹ ግን በቡና ሰዓት ካልተገኙ አይገኙም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለአዲስ መጤዎች ልዩ ስብሰባ ስለሚያዘጋጅ ይህ አይታለፍ። የፌዴሬሽኑ የሥራ ቋንቋዎች ሰባት ሲሆኑ አማርኛ ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። «እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩልኝ» ማለት ግን በየትም አገር አያሳፍርም።

ስለ ቤቱ ሲጠየቅም በትንሽነቱ አይፈር። በኬንያ በጋሪሳ በ1996 የተጀመረው መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ለአርብቶ አደሮች የማድረስ ሥራ ከብዙ ታላላቅ ሕንፃዎች ይልቅ በዓለም ተወርቶለታል።

የጉብኝት ቀን ሲሆን ትንሹን ቤት ይምረጥ። ናይሮቢ ቢሄድ በ1931 የተከፈተውን የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት ብቻ አይቶ አይመለስ፤ በካሎሌኒና በማካዳራ ያሉትን ቅርንጫፎችም ይይ። የጠፋ መጽሐፍ እንዴት እንደሚተካ፣ ለተማሪዎች የፈተና ሰሞን በስንት ሰዓት እንደሚዘጉ የሚጠየቀው በእነዚህ ዘንድ ነው።

በጥብቅ የምናሳስበው ስለ ስጦታ መጻሕፍት ነው። ስጦታን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሚመስል ጀማሪው ተላኪ በደስታ እሺ ይላል። በኋላ ግን ያረጀ የውጭ አገር መማሪያ የሞላበት ሣጥን ይደርሳል፤ ማጓጓዣውንና የጉምሩኩን ጣጣ የሚሸከመውም ተቀባዩ ሊሆን ይችላል። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ሳይመጣ፣ ወጪውንም ማን እንደሚችል በጽሑፍ ሳይታወቅ ማናቸውንም ቃል አይስጥ። ዝርዝሩን መጠየቅ ሰጪውን አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ከሆነ ስጦታው ቀድሞውኑ አጠራጣሪ ነበር።

የጉዞው ሰነድ ነገር ባጭሩ ነው፦ የጥሪ ደብዳቤው፣ ቪዛው፣ የውጭ ምንዛሪውና የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ ጊዜ ስለሚፈጁ ገና ወራት ሲቀሩ ይጀመሩ።

ሲመለስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ሪፖርት ያቅርብ። የመክፈቻውን ንግግር ማሳጠር ለማንም አይረባም፤ ይልቁንስ ይዞት ለሄደው ጥያቄ ያገኘውን መልስ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ነገ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገርና ያገኛቸውን ሰዎች አድራሻ ይጻፍ። አድራሻዎቹ በተላኪው ኪስ ሳይሆን በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ይቀመጡ፤ ሠራተኛው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወር ተተኪው ደብዳቤውን ከዚያው ይቀጥላል።