ስለ ሞተር መጋዝ ካርቡራቶር አስተካከል

የባሕር ዛፍ አጣናና ጠርብ የሚያዘጋጅ ሰው የሞተር መጋዙ ጕልበት ያነሰ ሲመስለው፥ መጀመሪያ የሚያነሣው መሣሪያ ካቻቢቴ ነው። የካርቡራቶሩን ብሎን ጥቂት ሲያጠብቅ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይፈጥናል፤ ሰውየውም የተሳካለት ይመስለዋል። ይህ ፍጥነት ግን ብዙ ጊዜ የጥፋት መጀመሪያ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሞተሩ ዘይት ከየት እንደሚያገኝ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመኪና ሞተር ዘይት ለብቻው የሚጠራቀምበት ስፍራ አለው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ይኸውም እንደ ዘይቱ ዓይነትና እንደ ፋብሪካው ትእዛዝ ለ1 ሊትር ቤንዚን ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 40 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ የነዳጁን መንገድ ያጠበበ ሰው የዘይቱንም መንገድ አጠበበ ማለት ነው። ነዳጅ የጐደለው ቅልቅል ደግሞ ሲሊንደሩን ከልክ በላይ ያግላል፤ ዘይት ያነሰው ፒስቶን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፥ ይጫራል፥ በመጨረሻም ይጣበቃል። ለዚህ ጥቂት ደቂቃ ሊበቃ ይችላል።

በደጋ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በዚህ ስስ አየር ውስጥ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፥ ጢሱ ይበረታል፥ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ በደጋ ብሎኑን ጥቂት ማጥበቅ የተገባ ነው። አደጋው ያለው በመውረድ ላይ ነው። እንጦጦ ላይ የተስተካከለውን መጋዝ፥ ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾኻም ዛፍ ለመመንጠር ወደ አፋር ምድር፥ ለምሳሌ 740 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ መልካ ወረር ሳይነኩ ቢወስዱት፥ አየሩ ሲወፍር የነዳጁ መንገድ እንደ ጠበበ ስለሚቀር ቅልቅሉ ይሳሳል። ከአስመራ ወደ ምጽዋ ለሚወርድም ነገሩ ይኸው ነው፤ ቁልቁለቱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና።

ከማስተካከል አስቀድሞ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፥ አዲስ የተቀላቀለ ነዳጅ መሙላትና ሞተሩን ማሞቅ ያስፈልጋል። በቆሸሸ ማጣሪያ ያስተካከለ ሰው፥ ማጣሪያውን ባጸዳ ዕለት ሞተሩን ለአደጋ ያጋልጣል።

ብሎኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ነዳጅ ይመጥናሉ፤ አንዱ ለዝቅተኛ፥ አንዱ ለከፍተኛ ፍጥነት። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነዳጅ ይቀንሳሉ፥ ወደ ግራ ሲዞሩ ይጨምራሉ። ሦስተኛው ሚኒሞውን ይወስናል። የተለመደው መነሻ ሁለቱን በቀስታ እስኪነኩ ዘግቶ አንድ አንድ ዙር መክፈት ነው፤ የመጋዙ መመሪያ ሌላ ቢል ግን እርሱ ይከበራል።

የዝቅተኛው ብሎን ሞተሩ ከሁሉ ይልቅ የሚፈጥንበት ቦታ ከተገኘ በኋላ፥ የዙር ስምንተኛ ያህል ወደ ግራ ይመለሳል። ከዚያም ሚኒሞው ሰንሰለቱ ፈጽሞ እስኪቆም ይቀነሳል፤ ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞር ሰንሰለት የሠራተኛውን እግር ሊቆርጥ ይችላል።

ከፍተኛው ከዓይን ይልቅ የጆሮ ሥራ ነው። የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተጨምቆ ሞተሩ ያለ ሸክም ለጥቂት ሴኮንድ ሲሮጥ፥ ድምፁ ጥርት ያለ ጩኸት ሳይሆን ጥቂት የሚንተባተብ ሊሆን ይገባዋል፤ ሰንሰለቱ እንጨት ውስጥ ሲገባ መንተባተቡ ይጠፋል። እንጨት ውስጥም ከቀጠለ ነዳጁ በዝቷል። ብዙ ሰው ይህን መንተባተብ ጉድለት እየመሰለው ያጠፋዋል፤ ለሞተሩ መጠበቂያ የተረፈው ነዳጅና ዘይት ግን እርሱ ነው።

ከሥራ በኋላ ካንዴላው ወጥቶ ይታይ። ቡናማ ቢሆን መልካም ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ቢሆን ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ቢሆን አንሷልና መጋዙ ብሎኑ ሳይላላ መሥራት የለበትም።

ዛሬ የተስተካከለው ነገ የሚለወጥ ከሆነ፥ በተሰነጠቀ የነዳጅ ጎማ ወይም ባረጀ የዘንግ ማሸጊያ በኩል አየር ይገባል ማለት ነው። ይህን ብሎን አያድነውም፤ መጋዙ ወደ ጠጋኝ መሄድ አለበት።