ገና በላስታ

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ያለው የላስታ ገበሬ ገብሱን አጭዶ፣ ወቅቶና አዝርቶ ወደ ጎተራው ካስገባ በኋላ፣ ታኅሣሥም ተጋምሶ ሌሊቱ ውርጭ ማውረድ ሲጀምር፣ ባዶ የቀረው ማሳ ለከብቱ ግጦሽ፣ ለጎረምሳው ደግሞ ሜዳ ሆኖ ይለቀቃል፤ በዚያ ወራት የሚዘወተረው፣ ስሙንም ከጌታ ልደት በዓል ጋራ የሚጋራው ጨዋታ ገና ነው። እረኞች የልደቱን ብሥራት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ የሚለው ትውፊት ለጨዋታው መንፈሳዊ ማዕርግ ሰጥቶታል፤ በሜዳው ላይ የሚታየው ጠባይ ግን ከመላእክት ዝማሬ ይልቅ ወደ ሰልፍ ያዘነብላል።

መሣሪያው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ሲሆን፣ ብልህ ጎረምሳ በዓሉ ሳይደርስ ቁጥቋጦውን እየቃኘ በተፈጥሮው የጎበጠውን እንጨት መርጦ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ሩር ነው፤ ጥንግም ይሉታል፤ ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተድበልብሎ የሚሠራ፣ ቅልጥም ያገኘ እንደ ሆነ የማይምር ነገር ነው።

ተጫዋቹ በቁጥር አይወሰንም። የላይ መንደር ከታች መንደር፣ አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ ይሰለፋል፤ ወይም ሁለት የቡድን አባቶች ይሾሙና፣ ጎረምሶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በምስጢር የተስማሙበትን ስም ይዘው ሲቀርቡ፣ አባቶቹ ስሙ የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ይመርጣሉ፤ ይህም አድልዎን ከሥሩ የሚነቅል ብልሃት ስለ ሆነ፣ በእኔ አስተያየት ከጨዋታው ሁሉ የሚበልጠው ጥበብ እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሩሩ በሜዳው መካከል ይደረግና፣ እያንዳንዱ ወገን በዱላው እየመታ የባላጋራውን ወሰን ለማሳለፍ ይታገላል። ወሰኑ ወንዝ፣ ካብ ወይም አንድ የታወቀ ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛውም ልማድ ነው። ድሮ በበዓሉ ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፉ ስለ ነበር፣ ጌታው በሎሌው ዱላ ቢመታ አይቀየምም ነበር፤ አሸናፊውም ተሸናፊውን በግጥም ቢዘልፈው ነገሩ ወደ ሸንጎ አይሄድም።

በላሊበላ ከተማ ግን ጨዋታው ሁለተኛ ነው፤ ቀዳሚው ማሕሌቱ ነው። ትውፊት የንጉሥ ላሊበላን ልደት ከጌታ ልደት ጋራ በአንድ ቀን ስለሚያውለው በዓሉ ድርብ ሆኖ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ምእመን በቤተ ማርያም ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ ካህናቱ ከፊሉ በማሜ ጋራ አፋፍ፣ ከፊሉ ከታች በቅጽሩ ቆመው ቤዛ ኩሉ የሚባለውን ዝማሬ ይቀባበላሉ።

ገናን የገጠር ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፣ አሜሪካኖች ዛሬ በእልፍ አእላፍ ሕዝብ ፊት የሚጫወቱት የራሳቸው እግር ኳስ ከምን እንደ ተነሣ ይመልከት። በጥቅምት 1862 ዓ.ም.፣ ማለት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በነገሡበት ዘመን፣ በኒው ጀርዚ የሩትገርስና የፕሪንስተን ኮሌጆች ተማሪዎች ከየወገኑ 25 ሆነው፣ ድቡልቡሉን ኳስ በእግራቸው እየለጉ በእጃቸውም እየመቱ ተጋጠሙ፤ ሩትገርስም 6 ለ 4 ረታ። ኳሱን ተሸክሞ መሮጥ አልተፈቀደም ነበርና፣ ከላስታው ገና የሚለየው በዱላው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በኋላ ግን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880፣ የዬል ሰው ዋልተር ካምፕ የተጫዋቹን ቁጥር 11 አስደረገ፤ በ1905 በጨዋታው የሚሞተው ወጣት ስለ በዛ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቆቹን ኮሌጆች ሰዎች ጠርተው መከሩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ። ትንንሾቹም ኮሌጆች ድርሻ አላቸው፤ በዋሽንግተን የጋሎዴት ኮሌጅ መስማት የተሳናቸው ተጫዋቾች፣ የእጃቸውን ምልክት ባላጋራ እንዳያነብባቸው፣ በ1890ዎቹ ክብ ሠርተው መመካከር ጀመሩ ይባላል፤ ዛሬ ይህን የማያደርግ ቡድን የለም ማለት ይቻላል። የእኛም ጎረምሳ በምስጢር ስም ለመስማማት ገለል ሲል ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ሁለቱ ጨዋታዎች የተለያዩት በጽሕፈት ነው። ኮሌጆቹ ሕጋቸውን ጻፉ፣ በየጊዜው አሻሻሉ፣ የግጥሚያውን ውጤት መዘገቡ፤ ስለዚህ አንድ ትንሽ ኮሌጅ እንኳ በየትኛው ዓመት ቡድኑ ማንን እንደ ረታ ከመዝገብ ያነብባል፤ የላስታ አጥቢያ ግን የአያቶቹን ድል ከሽማግሌ አንደበት ይጠብቃል። የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ደንብ ሰጥቶ በአገር አቀፍ ውድድር ማስገባቱ መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም የተለካ ሜዳና የተቆጠረ ተጫዋች የየአጥቢያውን ሥርዓት አይተካም። ስለዚህ በላሊበላና በላስታ ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ የየአጥቢያውን ወሰን፣ የቡድን አባቶቹን ስምና መዘላለፊያውን ግጥም ከደቀ መዛሙርታችሁ ጋራ በመዝገብ አስፍሩ፤ በሚመጣውም ታኅሣሥ አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው አጋጥሙ።