ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የቤት ኪራይ ለምን አይረክስም?

«ገበያው ቀዝቅዟል፣ ሥራ የለም፣ ታዲያ ኪራይ ለምን አይቀንስም?» መካነ ሰላም ላይም አዲስ አበባ ላይም ከተከራይ ወጣት አፍ የማይጠፋ ጥያቄ ነው። ፈላጊ ሲያንስ ዋጋ ይወርዳል፤ ሽንኩርት ላይ አይተነዋል። ቤት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ለምን? ቀለል አርገን እንየው።

አንደኛ፣ አከራዩን የሚያስጨንቀው የለም

በ2008 እ.አ.አ ቀውስ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የቤት ዋጋ ወድቋል። እዚያ ብዙው ሰው ቤት የገዛው በባንክ ብድር ነበር። ሥራ ሲጠፋ መክፈል አቃተው፣ ባንክ ቤቱን ወስዶ ሸጠው፣ ገበያው ላይ ቤት ሲበዛ ዋጋው ወረደ።

እኛ ጋር አብዛኛው አከራይ ቤቱን የሠራው በቁጠባ፣ በእቁብ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ በላከው ብር፣ ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ ገበያ ቢቀዘቅዝም «ሽጥ» የሚለው ባንክ የለም። ብር አቅም ሲያጣ ደሞ ቤት ይዞ መቀመጥ ራሱ ቁጠባ ነው።

ሁለተኛ፣ የኛ መቀዛቀዝ ከኑሮ ውድነት ጋር ነው የሚመጣው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ወር ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ።

ይሄ ቦረናን፣ ወግዲን ወይ ሳይንትን ምን አገባው? ባህር ዛፉና የምርጊቱ ጭቃ ከዚሁ ከደጋው ይገኛል። የቆርቆሮው፣ የሚስማሩና የፌሮው ጥሬ ዕቃ ግን ከውጭ የሚመጣው በዶላር ነው። ከደሴ እስከዚህ የሚያመጣው የጭነት መኪና ነዳጅም እንደዚያው። ስለዚህ የሰው ኪስ ሲሳሳ፣ ቤት መሥሪያው ይባስ ይወደዳል። ጓሮው ላይ ሁለት ክፍል ጨምሮ ሊያከራይ ያሰበ ሰው «ይቆየኝ» ይላል።

ሦስተኛ፣ ዋናው ጉዳት ቆይቶ ነው የሚመጣው

አየርላንድን እንይ። ከ2007 እ.አ.አ በኋላ የቤት ዋጋ በግማሽ ገደማ ወደቀ፣ ኪራይም ረከሰ። ግን ግንባታውም አብሮ ቆመ። ከቀውሱ በፊት በዓመት ከ80 ሺህ በላይ ቤት ይሠራ የነበረበት አገር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከ10 ሺህ በታች ወረደ። ኢኮኖሚው ሲያገግም ሰው እንጂ ቤት አልነበረም። ዛሬ ደብሊን በኪራይ ውድነት ከአውሮፓ ከሚጠሩት ከተሞች አንዷ ናት። የዛሬ እርካሽ የነገ እጥረት ሆነ ማለት ነው።

እኛም አገር የሚመሳሰል ታሪክ አለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ኪራይ እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን የግል ቤት ማከራየት ስለተከለከለ ለኪራይ ብሎ የሚሠራ ጠፋ። የቀበሌ ቤት ኪራይ እርካሽ ሆኖ ኖረ፤ ማግኘቱ ግን ዕድል ሆነ።

ታዲያ መካነ ሰላም ላይ ምን ይሆናል?

እዚህ የሚከራየው አስተማሪው፣ የጤና ባለሙያው፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ከገጠር ቀበሌ ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣት ነው። ኑሮ ሲከብድ ማንም ጣራ መፈለጉን አይተውም። ለብቻው የነበረው ከጓደኛው ጋር ይዳበላል። ገጠር ያለውም ሲቸግረው ወደ ከተማ ይመጣል። አንዳንዴ «ኪራይ ቀነሰ» የምንለው ሰው ተጣቦ ስለሚያድር ነው።

ባጭሩ፣ መቀዛቀዝ ኪራይን ለጥቂት ጊዜ ባለበት ሊያቆመው ይችላል። ቤት ግን አይሠራም። እጥረቱን የሚያቀለው የተዘጋጀ መሬት፣ የሚገኝ ብድርና አቅም ያገናዘበ የግንባታ ዕቃ ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም የጸደቀውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 እወቁት። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዝቅተኛው የውል ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ብቻ ነው። እናንተ ከተማ ላይ ሥራ ላይ መዋሉን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። አከራይ በቃል «ከሚቀጥለው ወር ጨምር» ሲላችሁ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ነው የሚከራከርላችሁ።

እናንተ ሰፈር አንድ ክፍል ስንት ገባ? ጻፉልን።