የሠርጉ ቪዲዮ የት ይቀመጥ? ሀርድ ዲስክና ኤስኤስዲ በደገሀቡር

ደገሀቡር ላይ ሠርግ የሚቀርጽ ባለሙያ ካሜራ ከገዛ በኋላ ሌላ ወጪ ይጠብቀዋል፤ የቀረጸውን ማስቀመጫ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ የ4ኬ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ከሠራ 360 ጊጋባይት ይሆናል። አምስት ሠርግ ከተቀረጸ ባለ 2 ቴራባይቱ ዲስክ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ዲስኩን ለመግዛት ወደ ጅግጅጋ መውጣት የተለመደ ነው። ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ከሶማሌላንድ ጋር ስለምትነግድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አይጠፋባትም። እዚያ ጥያቄው አንድ ነው፦ ሀርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ?

ሀርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። የላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400፣ የዴስክቶፑ ደግሞ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ የኋለኛው በሴኮንድ 120 ዙር መሆኑ ነው። የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም፤ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ፣ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ ክፍተት በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የአይቢኤም ራማክ 50 ሳህኖች ደርድሮ፣ አንድ ቶን ያህል እየመዘነ፣ የያዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ ያን ሁሉ ሊሞላው ይችላል።

ጭንቅላቱ በአየር ስለሚንሳፈፍ አየሩ የሚሳሳበት ከፍታም ይመለከተዋል። አምራቾች ለተራው ሀርድ ዲስክ የሚፈቅዱት በአብዛኛው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደገሀቡር ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር፣ ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ በዚህ በኩል ስጋት የለም።

መንገዱስ? የመኪና ንጠት ዲስክ ይገድላል ብለው የሚፈሩ ብዙዎች ናቸው። ፍርሃቱ ግማሹ ልክ ነው። ዲስኩ ሲጠፋ ጭንቅላቱ ከሳህኑ ርቆ ማረፊያው ላይ ይቀመጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጓዝ ብዙ ይችላል። የሚጎዳው እየሠራ ሳለ ሲንገላታ ነው። ፋይል እየተገለበጠ ጠረጴዛው ቢመታ ወይም ገመዱ ተጎትቶ ዲስኩ ቢወድቅ ጭንቅላቱ ሳህኑን ይፍቃል። በተፋቀው ቦታ የነበረው ሠርግ አይመለስም።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። መረጃውን የሚይዘው በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሪክ አምቆ ነው፤ የጃፓኑ ኢንጂነር ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ ቶሺባ ውስጥ ሳለ በፈጠረው የፍላሽ ዘዴ። ሀርድ ዲስክ አንድን ፋይል ለማግኘት 10 ሚሊሴኮንድ ያህል ሲፈልግ ኤስኤስዲ በዚያ ጊዜ አንድ መቶኛ ይደርስበታል። ላፕቶፑ አዘገመብኝ የሚል ሰው አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛቱ በፊት ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቢቀይር ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም።

ያንን 360 ጊጋባይት ከኮምፒውተር ወደ ዲስክ ለመገልበጥ በሴኮንድ 120 ሜጋባይት የሚጽፍ ሀርድ ዲስክ 50 ደቂቃ ይፈልጋል። 500 የሚጽፍ ኤስኤስዲ በ12 ደቂቃ ይጨርሳል። መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት ከተማ የ38 ደቂቃ ልዩነት ቀላል አይደለም። ገመዱ አሮጌው ዩኤስቢ 2 ላይ ከተሰካ ግን ሁለቱም ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋሉ፤ ፈጣኑ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ኤስኤስዲም አይድንም። የትኛው መረጃ የት እንዳለ የሚመዘግብበት ካርታ አለው፤ ካርታውን እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት፣ በተለይ ርካሹ፣ ተመልሶ ሲበራ ኮምፒውተሩ ላያውቀው ይችላል። ለዴስክቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ኤስኤስዲ ሳይሰካ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ያመቀው ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ያመልጣል። የቺፕ መስፈርት አውጪው የጄዴክ ደንብ የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ የግል ኮምፒውተር ኤስኤስዲ በ30 ዲግሪ ሙቀት ሳይሰካ አንድ ዓመት መረጃ እንዲይዝ ይጠይቃል። አዲሱ ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግን ጊዜው ያጥራል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ መሳቢያ የዓመታት ሠርግ ለማኖር ሀርድ ዲስክ ይሻላል፤ በተመሳሳይ ዋጋም ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለና እየዘገየ ያስጠነቅቃል። ኤስኤስዲ ግን ትናንት ሠርቶ ዛሬ ዝም ሊል ይችላል።

ገበያ ላይ 2 ቴራባይት የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 64 ጊጋባይት ብቻ የሆነ የውሸት ዕቃ ያጋጥማል። ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉውን መጠን ያሳያል፤ የፋይሎቹ ስምም ይታያል፤ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው። ኤችቱቴስትደብሊው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዕቃውን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ውሸቱን ያወጣል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ቢሆንም የሰው ሠርግ ከመጫኑ በፊት መደረግ አለበት።

ለባለ ስቱዲዮው የሚያዋጣው አያያዝ እንዲህ ነው። ኤዲቲንጉ ኤስኤስዲ ላይ ይሠራል፤ ጥሬው ቀረጻ ሀርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ ሆኖ፣ ጠፍቶና ተጠቅልሎ፣ ጅግጅጋ ዘመድ ቤት ይኖራል። የካሜራው ካርድ የሚጠረገው ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው ከታዩ በኋላ ነው።