ዳገት ላይ ማርሽ መቼ ይቀየራል? እጅስ የት ይረፍ?

በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች የሚገኘው የአልፕ ዱዌዝ ዳገት 13.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 21 ጠመዝማዛ መታጠፊያዎችም አሉት። የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት እ.አ.አ. በ1952 ነበር። መንገዱ በየ100 ሜትሩ በአማካይ ስምንት ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ መጀመሪያው ላይ ግን ከዚህም ይብሳል። ከሜዳው በከባድ ማርሽ እየበረረ የደረሰ ብስክሌተኛ የሚፈተነው እዚያው ዳገቱ ሥር ነው።

ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለውን ይከፋፍላል እንጂ። የፊተኛው ጥርሳም ክብ 50፣ የኋለኛው ደግሞ 11 ጥርስ ሲኖራቸው ፔዳሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ብስክሌቱ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። ሁለቱም 34 ጥርስ ቢኖራቸው የሚጓዘው ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ርቀቱ ሲያጥር በእግር ላይ የሚያርፈው ጫናም ይቀንሳል።

ስለዚህ ማርሽ የሚቀለው ፔዳሉ ከከበደ በኋላ ሳይሆን ሊከብድ ሲል ነው። በሙሉ ኃይል እየተረገጠ ማርሽ ከተቀየረ ካቴናው ይንቋቋል፤ አንዳንዴም ይወልቃል። በሚቀየርበት ቅጽበት ለግማሽ ዙር ያህል የእግርን ጫና ማላላት፣ ማርሹንም አንድ በአንድ መቀነስ ይበጃል። ለብዙ ሰው በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር መርገጥ ይስማማዋል። ጉልበት መታመም ከጀመረ ማርሹ ከብዷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ማርሽ ማቅለልን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ አሉ። በቱር ደ ፍራንስም ለዋነኞቹ ተወዳዳሪዎች ማርሽ መቀያየሪያ የተፈቀደው እ.አ.አ. በ1937 ነው፤ ከዚያ በፊት ከብስክሌታቸው ወርደው የኋላውን ጎማ በማገላበጥ ነበር ጥርስ የሚቀይሩት። በልጅነታችን ማርሽ በሌለው የኪራይ ብስክሌት የተማርን ሰዎችም ዳገት ሲመጣ ብድግ ብሎ መርገጥ፣ ካልሆነም ወርዶ መግፋት ለምዶብናል።

ተቀምጦ ለሚወጣ ሰው እጅ የሚያርፈው በመሪው ላይኛ ክፍል ወይም በፍሬኑ መያዣ ላይ ነው። መሪውን ጨብጦ ማነቅ ትከሻን ያደክማል። ክርን በትንሹ ይታጠፍ፤ ደረት ይከፈት፤ ትንፋሽ ይግባ። ወደታች የታጠፈውን የመሪ ክፍል መያዝ በሜዳ ነፋስን ለመቀነስ ይረዳል፤ ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

መንገዱ በጣም ቀጥ ሲል የፊት ጎማው መሬት እንዳይለቅ በኮርቻው ላይ ወደፊት ጠጋ ብሎ ደረትን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ከኮርቻ መነሳት ጀርባን ያሳርፋል፤ ልብን ግን ያስቸኩላል። የሚነሳ ሰው የፍሬኑን መያዣ ይዞ፣ አስቀድሞ ማርሹን በአንድ ያክብድ፤ አለዚያ እግሩ ባዶ የረገጠ ያህል ይንሸራተታል። ሲቀመጥም መልሶ ያቅልለው።

የዳገቱ ጫፍ ሲታይ ማርሹን ለማክበድ መቸኮል አያስፈልግም፤ መንገዱ ሜዳ እስኪሆን ይጠበቅ።